“ከፈለግሽ ተመለሺ” ብሎኝ ሄደ

ሰላም እትዬ፣ እንደምን ከረሙ። ዓምድዎን ሁሌ አነባለሁ ግን ጽፌ አላውቅም፣ ዛሬ እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ነው። ሌላው ሰው ሲጽፍልዎት ትዳር ነው፣ ብድር ነው፣ አማት ነው፤ የኔ ግን ተራራ ነውና እንዳይስቁብኝ።

27 ዓመቴ ነው። ተወልጄ ያደግኩት ኮምቦልቻ ነው፣ ስራዬም እዛው ነው። እጮኛዬ የደሴ ልጅ ነው፣ ከጓደኞቹ ጋር እሁድ እሁድ ሃይኪንግ የሚወጡበት ግሩፕ አላቸው፣ የሚመራውም እሱ ነው። እኔም ከተጫጨን ጀምሮ አብሬ እየወጣሁ በጣም ወደድኩት፣ ሳምንቱን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጬ ስለምውል እሁድን እንደ ልጅ ነው የምጠብቃት።

ሐምሌ ላይ አንድ እሁድ ከደሴ በላይ ባለው በጦሳ ተራራ ወጥተን ማዶ በገራዶ በኩል ልንወርድ ተቀጣጠርን። ሶስት ሰዓት ልንነሳ ነበር፣ ያው አንዱ ተኝቶ አንዱ ቁርስ ሳልበላ ብሎ አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው የወጣነው። ዘጠኝ ነበርን። ከኮምቦልቻ ስነሳ ፀሐይ ስለነበር የለበስኩት ቲሸርትና ስስ ጃኬት ነው፣ ጫማዬም የከተማ ስኒከር። ባህር ዛፉን አልፈን ገላጣው ላይ ስንደርስ ጉሙ መጣ። መጣ ስልዎት በአንዴ ነው፣ መጀመሪያ ከተማው ጠፋ፣ ከዛ ከፊቴ የሚሄደው ልጅ ጠፍቶ ቀይ ቦርሳው ብቻ ቀረ፣ ከዛ ቦርሳውም ጠፋ። ዝናቡ ተከተለ፣ ከሩቅ ነጎድጓድም ይሰማል። ጣቶቼ ደንዝዘው የጃኬቴን ዚፕ መዝጋት አቃተኝ።

“ልጆች እንመለስ” አልኩ። አንዱ ስቆ “የኮምቦልቻ ልጅ ደጋ አትችልም” አለ። እጮኛዬ “ትንሽ ነው የቀረን፣ ሰዓት አንግደል” አለ። ደግሜ ስለምነው ሰው ፊት ስለሆነበት መሰለኝ ተናደደና “ከፈለግሽ ተመለሺ” ብሎኝ ፊቱን አዙሮ ሄደ። ዕንባዬ መጣ፣ ግን ተመለስኩ። ከመሀላችን ትንሿ፣ የ19 ዓመት ልጅ ናት፣ “እኔም ከሷ ጋ” ብላ ተከተለችኝ። ስልኬ 9 ፐርሰንት ነበር የቀረው፣ የሷ ጭራሽ ዘግቷል። ሁለቴ መንገድ ሳትን፣ እኔ ሶስቴ ወደቅኩ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ነው አቅጣጫ ያሳየን። አስር ሰዓት ላይ ደሴ ገባን።

እነሱ ግን ምንም አልሆኑም። ጫፉ ላይ ጉም ውስጥ ቆመው ፎቶ ተነሱ፣ ገራዶ ወርደው ሻይ ጠጡ፣ ማታ ፎቶውን ቴሌግራም ላይ ለቀቁት። ከዛ ወዲህ ስሜ “ጉሚት” ሆኗል። እሱም አብሮ ይስቃል። ስለዛ ቀን ሁለታችን አንስተን አውርተን አናውቅም። አሁን ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ሊወጡ ነው፣ “ጉሚት ትመጣለች ወይ” እየተባለ ነው።

ፈሪ ነኝ እንዴ እትዬ? እነሱ በሰላም ከተመለሱ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ማለት ነው? ሰው መመለስ ያለበት መቼ እንደሆነ በምን ያውቃል? ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?

ጉሚት ነኝ፣ ከኮምቦልቻ


ጉሚትዬ፣ በዚህ ስም ስጠራሽ አትቀየሚኝ፣ ሌላ ስም ስላልሰጠሽኝ ነው፤ ደግሞ ስሙ አይከፋም፣ ለምን እንዳልኩ ኋላ እነግርሻለሁ። አልሳቅኩም። ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት፣ በሁለተኛው ያቺ ዚፕ ጋ ስደርስ ስኒዬን አስቀመጥኩ።

እኔ የገራዶ ሰው ልጅ ነኝ። አባቴ ደሴ ገበያ ሲወጣ ጦሳን ተሻግሮ ነበር የሚሄደው፣ አንዳንዴ እኔንም ያስከትለኛል፣ እህሉ አህያዋ ላይ፣ እኔ ከኋላ ጭራዋን ይዤ። ታዲያ ጠዋት ከቤት ሲወጣ መጀመሪያ የሚያደርገው ደጃፉ ላይ ቆሞ ሽቅብ ማየት ነው። ጫፉ ተሸፍኖ ካየ “ዛሬ ጋቢውን ለብሷል” ይልና ጭነቱን ያወርዳል፣ በቃ። አንዳንዴ ግማሽ መንገድ ሄደን ሁሉ ይመልሰናል፣ እኔ ከረሜላዬ ቀረ ብዬ አለቅሳለሁ እሱ ግን አይሰማኝም። ጎረቤት “ፈራህ እንዴ” ሲለው ሰምቼ አላውቅም፣ ገበያው እንደሆነ የሚቀጥለው ሳምንትም አለ። እህሉን ካልሸጠ ጨው የማይገዛ ሰው እንዲህ በቀላሉ ሲመለስ ለፎቶ የሚወጣ ሰው መመለስ ለምን እንደሚከብደው አንዳንዴ ይገርመኛል። ግን ይከብዳል፣ ስምንት ሰው ቆሞ እያየሽ ሲሆን በጣም ይከብዳል።

ፈሪ ላልሽው፣ ፈሪማ ዝም ብሎ ነው የሚከተል። እስቲ አስቢው፣ ከዘጠኛችሁ ስንቱ ነው በልቡ ቢመለስ እየወደደ አፍሮ የቀጠለው? ያቺ የ19 ዓመት ልጅ አንቺ አፍ አውጥተሽ ባትናገሪ ትናገር ነበር? እኔ አይመስለኝም።

ያስቸገረሽ ግን ሁለተኛው ጥያቄ ነው፣ እነሱ በሰላም ገቡ፣ ስለዚህ ልክ ነበሩ የሚለው። የኮምቦልቻ ልጅ ስለሆንሽ በመንገዱ ላስረዳሽ። ከኮምቦልቻ ደሴ ስትወጪ ዶሮ መዝለያ ጋ ጉም ውስጥ ኩርባ ላይ ደርቦ የሚያልፍ ሚኒባስ ውስጥ ተሳፍረሽ ታውቂያለሽ? እኔ ተሳፍሬያለሁ፣ ከፊት ወንበር ዱዓ ከኋላ ጸሎተ ማርያም ነበር የሚሰማው። ሹፌሩ መናኸሪያ በሰላም አስገባን፣ ወርደን ሒሳባችንን ከፍለን ሄድን። ታዲያ ሰውዬው ልክ ነበር ትያለሽ? ከፊት መኪና ስላልመጣ ነው እኮ የገባነው። የሚያስፈራው ደግሞ ነገም መደረቡ ነው፣ ትናንት ምንም አልሆነማ። የናንተም ግሩፕ እንደዛው፣ “ሐምሌ ላይ በዛ ጉም አልፈን የለ እንዴ” ማለት ጀምረው ይሆናል፣ ካልጀመሩም ይጀምራሉ። ስለዚህ እነሱ ሻይ ስለጠጡ የአንቺ ውሳኔ አልተሳሳተም። ያኔ በእጅሽ የነበረው ነገር ምንድነው? ጉም፣ ዝናብ፣ ነጎድጓድ፣ ያረፈደ ሰዓትና የደነዘዘ ጣት። ሰው የሚፈርደው በያዘው ነው፣ ኋላ በመጣው አይደለም።

ወደ ዚፗ ልመለስ፣ እኔን ያስደነገጠችኝ እሷ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ደሴ ወደ 2,500፣ ጦሳ ደግሞ ከዛም በላይ። ሽቅብ በወጣሽ ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፣ ስለዚህ ኮምቦልቻ ላይ ቲሸርት ያስለበሰሽ ፀሐይ ስለ ጦሳ ምንም አልነገረችሽም። በዛ ላይ ዝናብና ንፋስ ጨምሪበት፣ የጥጥ ቲሸርት ደግሞ አንዴ ከራሰ ብርዱን ይዞ ገላሽ ላይ ይጣበቃል። የሰው ገላ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ከወረደ አደጋ ነው፣ እዛ ለመድረስ ደግሞ በረዶ አያስፈልግም፣ እርጥብ ልብስና ንፋስ ይበቃል። መጀመሪያ መንቀጥቀጥ ነው፣ ከዛ ጣት አልታዘዝ ይላል፣ ከዛ ምላስ ይተሳሰራል እግር ይደናቀፋል፣ ከዛ ሰውዬው መንቀጥቀጡን ያቆምና “ደህና ነኝ፣ ትንሽ ልቀመጥ” ይላል። እዚህ ከደረሰ ደህና አይደለም፣ ባሰበት ማለት ነው። አንቺ ሁለተኛው ላይ ነበርሽ። እንመለስ ያልሽው ፈርተሽ ይመስልሻል፣ እኔ ደግሞ ገላሽ ካንቺ ቀድሞ አውቆ ነው እላለሁ። (ሌላ ጊዜ እንዲህ የሆነ ሰው ካያችሁ እርጥቡን አውልቃችሁ ደረቅ አልብሱት፣ መዋጥ ከቻለ ጣፋጭ ትኩስ ነገር ስጡት፣ አረቄ ያሞቃል የሚለውን ግን አትስሙ፣ ቆዳውን ያሞቀዋል እንጂ ውስጡን ያበርደዋል።)

መመለሻው በምን ይታወቃል ላልሽው፣ አንዳንዱ ክርክር የማያስፈልገው ነው። ነጎድጓድ አንዱ ነው። ብልጭታውን ስታዪ መቁጠር ጀምሪ፣ በየሶስት ሰከንዱ አንድ ኪሎሜትር ያህል ነው፣ 30 ሳትደርሺ ከጮኸ መብረቁ እናንተንም የሚያገኝበት ርቀት ላይ ነው። ገላጣ ላይ ከሁሉ ከፍ ብሎ የቆመው ሰው ነው፣ ስለዚህ መውረድ ነው፣ ብቻውን የቆመ ዛፍ ስር መጠለል የለም፣ መጨረሻ ከጮኸም በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ተመልሶ መውጣት የለም። ወንዝም እንደዛ ነው፣ ጠዋት ቁርጭምጭሚት የነበረ ውሃ ላይ ከዘነበ ከሰዓት ጉልበት ይሆናል፣ ድፍርስ ሆኖ እንጨት እያንከባለለ ከመጣ አይገባበትም። ጉም ግን ተንኮለኛ ነው፣ አያምም፣ አይጮህም። የኔ መለኪያ ይሄ ነው፣ ዞር ብዬ የመጣሁበትን ሳይ መንገዱን ካላወቅኩት ያኔውኑ እመለሳለሁ፣ ወደማውቀው ድንጋይ ወይም ዛፍ። ለዚህ ነው ስትወጪም በየመሀሉ ዞር እያልሽ ማየት ያለብሽ፣ ስትወጪ ያየሽው መንገድና ስትወርጂ የምታዪው አንድ አይመስሉም። ከጠፋብሽ ደግሞ “ውሃ ወደ ከተማ ይወርዳል” ብለሽ ሸለቆ እንዳትከተዪ፣ የኛ አገር ሸለቆ መጨረሻው ገደል ነው፣ አዝዋ ገደልን ያየ ያውቀዋል።

ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ ብጠየቅ የዛን ቀን ስህተቱ የተሰራው ጉሙ ውስጥ አይደለም፣ ቁርስ ቤት ነው። ሐምሌና ነሐሴ በኛ አገር ዝናቡ የሚጠነክርበት ነው፣ አብዛኛውን ቀን ጠዋት ገለጥ ይልና ከሰዓት ያወርደዋል፣ ይሄን የማያውቅ የደሴ ልጅ የለም። ሶስት ሰዓት የተባለው አምስት ሲሆን ጠዋቷ አለቀች፣ ጉዞው ሳይቀየር ሰዓቱ ብቻ ተቀየረ። ያኔ አንድ ሰው “ልጆች ዛሬ ገራዶ ይቅር፣ ባህር ዛፉ ጋ ደርሰን እንመለስ” ቢል ኖሮ አንቺም ዛሬ እንቅልፍሽን በተኛሽ ነበር። ችግሩ ግማሽ መንገድ ላይ “ትንሽ ነው የቀረን” የሚባል ነገር አለ፣ ያቺን ቃል ስሰማ ጀርባዬን ይበርደኛል። የቀረው ትንሽ ከሆነ የመመለሻው ብዙ ነው ማለት ነው እኮ።

ለዚህ ነው ተራራ የሚያውቁ ሰዎች የመመለሻ ሰዓት የሚቆርጡት፣ ጫፍ ደረስንም አልደረስንም በዚህ ሰዓት እንዞራለን ብለው። የሚቆርጡት ደግሞ እታች ነው፣ ሆዳቸው ሞልቶ ልብሳቸው ደርቆ ጭንቅላታቸው ሲሰራ። ሩቅ ልውሰድሽና፣ በፈረንጆቹ 1996 ሜይ 10 ኤቨረስት ላይ ብዙ ሰው ባንድ ቀን ወጥቶ ነበር። ከሰዓት 8 ሰዓት ካለፈ መመለስ ነው የሚለውን ያውቁታል፣ መሪዎቹም ስንት ዓመት የሰሩ ባለሙያዎች ናቸው። ግን ሰው ከፍሎ፣ ለፍቶ፣ ጫፉ እየታየው እንዴት ይመለስ፣ ስምንት ሰዓት አለፈ፣ ዘጠኝም አለፈ፣ ገና የሚወጣ ሰው ነበር። አውሎ ንፋሱ ሲወርዱ ደረሰባቸው። በዛን ቀንና በማግስቱ 8 ሰው ሞተ፣ ከመሪዎቹም ጭምር። በዛው ሰሞን ደግሞ ዮራን ክሮፕ የሚባል ስዊድናዊ ነበር፣ ከአገሩ በብስክሌት ተነስቶ ኤቨረስት ስር የደረሰ ሰው ነው፣ እብድ በይው። ከነሱ ሳምንት ቀድሞ ብቻውን ወጣና ጫፉ 100 ሜትር ያህል ሲቀረው ሰዓቱን አይቶ ተመለሰ። ከስዊድን ድረስ ፔዳል የመታ ሰው! ከዛ አርፎ፣ ሜይ 23 ተመልሶ ወጣ፣ ጫፉ ላይም ቆመ። ጦሳ ኤቨረስት አይደለም፣ አውቃለሁ፣ ሳቂብኝ። ግን “ትንሽ ነው የቀረን” የምትለው ቃል እዛም እዚህም አንድ ናት።

አሁን የማይጥምሽን ልንገርሽ። መመለስሽ ልክ ነበር፣ ሁለት ብቻ ሆናችሁ መመለሳችሁ ግን ልክ አልነበረም። ጉም ውስጥ፣ በ9 ፐርሰንት ስልክ፣ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ሳይኖር። እንደውም ከነሱ ይልቅ አደጋው ለናንተ ሳይቀርብ አልቀረም፣ ያ እረኛ ባይኖር ምን እንደሚሆን እኔ ማሰብ አልፈልግም። በርግጥ ጥፋቱ በሙሉ ያንቺ አይደለም፣ እልህና ዕንባ ተናንቆሽ ነው፣ ሰው ከመራ ደግሞ ሁለት ልጆች ሲለዩት ቢያንስ ስልካችሁ ይሰራል ወይ፣ መንገዱን ታውቁታላችሁ ወይ፣ ማን አብሯችሁ ይውረድ ማለት ነበረበት። ግን ሌላ ጊዜ እንዲህ ካጋጠመሽ በንዴት አትነሺ። እዛው ቁጭ በዪና “አንድ መንገድ የሚያውቅና ስልኩ የሚሰራ ሰው አብሮኝ ይውረድ፣ በዚህ ሰዓት ደርሰን እንደውላለን” በዪ። ቁጭ ያለን ሰው ጥሎ መሄድ ፊቱን አዙሮ የሚሄድን ሰው ከመተው ይልቅ ይከብዳል፣ እመኚኝ።

ደብዳቤሽ ስለ ተራራ ነው ብለሽኛል። እኔ ግን ስጨርሰው ጆሮዬ ላይ የቀረው ጦሳም ጉሙም አይደለም፣ “ከፈለግሽ ተመለሺ” የምትለዋ ናት፣ ለዚህ ነው ርዕስ ያደረግኳት። እስቲ ልጠይቅሽ፣ ለኔ መመለስ የለብሽም ለራስሽ መልሺ። የዛን ቀን ስትወርጂ ደውሎ ነበር? ዘጠኝ ፐርሰንቱ ካለቀ በኋላስ ደሴ ስትገቢ “ደረስሽ ወይ” ያለሽ ማነው? ከጓደኞቹ ተለይታችሁ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ “ደከመኝ” ብትዪው ይቆምልሻል? ሌላ ቦታስ፣ ገንዘብ ላይ፣ የቤት ኪራይ ላይ፣ የሰርጉ ነገር ላይ “ከፈለግሽ” ብሎ ፊቱን የሚያዞርበት ጊዜ አለ?

ምክንያቱም ሁለት ሊሆን ይችላል። አንደኛው፣ ልጁ መሪ ነኝ ባይ ነው፣ ስምንት ሰው ፊት እጮኛው ሁለቴ ስትለው ክብሩ የተነካ መስሎት ከአፉ አመለጠው፣ አሁን ደግሞ አፍሮ በሳቅ እየሸፈነው ነው። እንዲህ ዓይነት ወንድ ሞልቷል፣ ክፉ አይደሉም፣ ግን አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ካልነገራቸው በቃ እንደዛው ያረጃሉ። ሁለተኛው፣ አንቺ ስትቸገሪ የሚቸገረው አንቺ ስላዘገየሽው ከሆነ ነው፣ ይሄ የተራራ ጉዳይ አይደለም፣ ከሰርግ በፊት ቢታወቅ ይሻላል። የትኛው እንደሆነ እኔ ከአንድ ደብዳቤ አልናገርም፣ ተለያዪም አልልሽም አግቢውም አልልሽም።

ግን አናግሪው። ግሩፑ ላይ አይደለም፣ በቴክስትም አይደለም፣ ኮምቦልቻ ጥሪውና ቡና አፍዪለት። “ጥለኸኝ ሄድክ” ብለሽ አትጀምሪ፣ እንደዛ ከጀመርሽ መከላከል ይጀምርና እስከ በረካ ድረስ ማን ምን አለ ስትባባሉ ታመሻላችሁ። ይልቅ “የዛን ቀን ጣቶቼ ደንዝዘው ዚፔን መዝጋት አቅቶኝ ነበር፣ ነግሬህ አላውቅም” በዪውና ዝም በዪ። ዝምታው ይከብድሻል፣ ሲኒውን እያጠብሽም ቢሆን ቻዪው። ቀድሞ ከአፉ የሚወጣውን ነገር ስሚ። “እንዴ፣ ለምን አልነገርሽኝም፣ እንዴትስ ወረድሽ” ካለሽ አንድ ነገር ነው። “እና እኔ ምን ላድርግ ነበር፣ ሁሉም ሰው ይበርደው ነበር” ካለሽ ሌላ ነው፣ ያኔም ቢሆን ባንድ ቀን አትፍረጂበት፣ ሰው አንዳንዴ ሲደነግጥ መጀመሪያ የሚናገረው የራሱን መከላከያ ነው፣ ነገ ከነገ ወዲያ ምን እንደሚል እዪ።

ልሂድ ወይስ ልቅር ላልሽው፣ ተራራውን ስለወደድሽው ብትቀሪ ያሳዝነኛል። ግን ዝም ብለሽ ስም ለማስለወጥ ብለሽ ከሆነ የምትሄጂው ቅሪ፣ እልህ ይዞ ተራራ የወጣ ሰው መመለሻውን አያይም። የምትሄጂ ከሆነ ከማታው ግሩፑ ላይ ይጻፍ፣ በስንት ሰዓት እንነሳለን፣ በስንት ሰዓት የትም ብንሆን እንዞራለን። መነሻው ከተባለው ከአንድ ሰዓት በላይ ከዘገየ ረጅሙ ጉዞ ቀርቶ አጭሩ ይሆናል ተብሎ ከወዲሁ ይታወቅ። ሲመሽ ደግሞ ክረምት ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው 12:45 አካባቢ ነው፣ ጉም ባለበትና ባህር ዛፍ ስር ግን ከዛ በፊት ይጨልማል፣ ስለዚህ ሒሳባችሁን ከ11 ሰዓት ጀምራችሁ ወደኋላ ቁጠሩ። እታች መንደሩ ጋ ስትደርሱ እረኛም ሆነ አንድ አዛውንት ካገኛችሁ “ሰማዩ እንዴት ነው ዛሬ” በሉ፣ ከስልኩ የአየር ትንበያ ይልቅ ስለዛች ጫፍ እነሱ ያውቃሉ። አንቺ ደግሞ ደረቅ ሹራብ በፌስታል ጠቅልለሽ ያዢ፣ የዝናብ ፕላስቲክ፣ ቆሎ፣ የእጅ ባትሪ። ስልክሽን ሞልተሽ ከውስጥ ኪስሽ አድርጊው፣ ብርድ ባትሪ ይጨርሳል።

ስሙን በተመለከተ ኋላ እነግርሻለሁ ብዬሽ ነበር። እኔ ብሆን አልከራከርበትም፣ እወስደዋለሁ። “እሺ ጉሚት ነኝ፣ ከዛሬ ጀምሮ ግን ከመሀላችን ማንም ሰው ‘ጉሚት’ ካለ፣ ለምን አይባልም፣ ሁላችንም ዞረን እንመለሳለን፣ ማንም ብቻውን አይመለስም” በያቸው። ሰው “ፈራሁ” ማለት ያፍራል፣ የቀልድ ቃል ግን ከአፍ ለማውጣት ይቀላል፣ በተለይ ለነዛ አፍረው ለተከተሉት። እጮኛሽ ይሄን ከተቀበለ ግማሹን ነገር ተነጋግራችኋል ማለት ነው። እምቢ ካለ እሁድን ከእናትሽ ጋ ቡና ጠጪባት፣ ጦሳ የትም አይሄድም።

ለዛችም ልጅ፣ ለ19 ዓመቷ፣ ደውዪላት። ካንቺ ጋ የወረደችው በብርዱ ብቻ አይመስለኝም፣ ብቻሽን እንዳትሆኚም ብላ ይሆናል፣ አመስግነሻት ታውቂያለሽ?

ስኒከርሽን ደግሞ ለሰርግና ለምርቃት አስቀምጪው። ሶስቴ የወደቅሽው ፈሪ ስለሆንሽ አይደለም፣ ሶሉ ልሙጥ ስለሆነ ነው። ደሴ ስትመጪ ሰኞ ገበያ ጎራ በዪና ከሳልባጁ መሀል ሶሉ ጥርስ ያለው፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማ ፈልጊ፣ በወፍራም ካልሲ ለክተሽ ግዢ፣ ከጉዞው በፊት ደግሞ ሳምንቱን ቤት ውስጥ እያደረግሽ አለስልሺው።